እውነተኛ ሰፈርን ወደ ከተማ ግንባታ ጌም የማስገባት ዝርዝር መመሪያ

የሚያውቁትን ሰፈር ጌም ውስጥ ለመሥራት ሞክረው መሃል ላይ የተዉት ብዙ ናቸው። የሚሰናከሉበት ቦታ ደግሞ አንድ ዓይነት ነው። ሞዴል መሥሪያው ይከፈታል፣ ግድግዳ ይቆማል፣ የበሩ እጀታ ሳይቀር ይቀረጻል። ቤቱ ጌም ውስጥ ሲገባ ግን ከጎረቤቱ ጋር አይገጥምም። ወይ መንገድ ላይ ይወጣል፣ ወይ ጎኑ ላይ ባዶ ቦታ ይቀራል፣ ወይ ከሩቅ ሲታይ ጥቁር ሳጥን ይሆናል። ያ ሁሉ የተደከመበት እጀታም አይታይም።

ስለዚህ የዚህ መመሪያ ግማሽ ኮምፒውተሩ ከመከፈቱ በፊት ስላለው ሥራ ነው። ምሳሌዎቹን የወሰድኩት እ.ኤ.አ. በ2015 ከወጣው ከሲቲስ ስካይላይንስ የኮምፒውተር ስሪት ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 ለወጣው ሁለተኛው ጌም የማስገቢያው መንገድ ይለያል። የልኬቱ፣ የፎቶውና የሞዴሉ ክፍል ግን ለእሱም ይሠራል።

የሚያስፈልጋችሁ

ጌሙ፣ ብሌንደር (በነፃ የሚገኝ የሞዴል መሥሪያ ነው)፣ ጊምፕ ወይም ክሪታ ለፎቶ ሥራ፣ የስልክ ካሜራ፣ የ5 ሜትር መለኪያ፣ አንድ ሜትር ርዝመት ያለው ቀጥ ያለ እንጨት፣ አንድ ነጭ ወረቀት፣ ደብተር። ውድ ካሜራ አያስፈልግም።

ደረጃ 1፦ ቤቶቹን ሳይሆን ዓይነቶቹን ቁጠሩ

1. አንድ ጎዳና ብቻ ምረጡ። ሰፈሩን በሙሉ ልሥራ ብሎ የጀመረ ሰው ሲጨርስ አላየሁም።
2. ከጫፍ እስከ ጫፍ እየሄዳችሁ እያንዳንዱን ቤት በአንድ ቃል መዝግቡ፦ ባለ አንድ ፎቅ፣ ባለ ሱቅ፣ የማዕዘን፣ ረጅሙ አፓርታማ።
3. የሚመሳሰሉትን በአንድ መድቡ። ለአንድ ጎዳና ከአምስት እስከ ስምንት ዓይነት ይበቃል።
4. የማዕዘኑን ቤት ለብቻው ያዙት። ሁለት ፊት ስላለው ከሌሎቹ ጋር አይደመርም።
5. ሥራውን በብዛት ከሚደጋገመው ተራ ቤት ጀምሩ። በጣም የምትወዱትን ውብ ሕንፃ ለመጨረሻ አቆዩት። የመጀመሪያ ሥራችሁ ስህተት ይበዛዋል፤ ስህተቱ ተራው ቤት ላይ ቢያልፍ ይሻላል።

ደረጃ 2፦ ልኬት

እዚህ ላይ አትቸኩሉ። ልኬቱ ከተበላሸ በኋላ የሚመጣው ሁሉ አብሮ ይበላሻል።

ስፋት፦ ከእግረኛ መንገዱ ላይ ሆናችሁ የቤቱን ፊት ከጫፍ እስከ ጫፍ ለኩ። መድረስ ካልቻላችሁ በጉግል ኧርዝ መለኪያ ከላይ ለኩት። ከላይ ሲለካ ግን የምታዩት የጣሪያውን ክፈፍ እንጂ ግድግዳውን አይደለም። ክፈፉ በየጎኑ 40 ሴንቲ ሜትር ቢወጣ ቤቱ 80 ሴንቲ ሜትር ሰፍቶ ይነበባል። ያንን መቀነስ አትርሱ።

ቁመት በጥላ፦ ፀሐይ ባለበት ሰዓትና ሜዳ በሆነ መሬት ላይ የአንድ ሜትሩን እንጨት ቀጥ አድርጋችሁ አቁሙና ጥላውን ለኩ። ወዲያው የሕንፃውን ጥላ ለኩ። የሕንፃውን ጥላ ለእንጨቱ ጥላ አካፍሉት። እንጨቱ 0.8 ሜትር፣ ሕንፃው 9.6 ሜትር ጥላ ከጣሉ ሕንፃው 12 ሜትር ነው። በሁለቱ ልኬቶች መካከል ሻይ ጠጥታችሁ ከተመለሳችሁ ግን ፀሐይዋ ሄዳለች፤ እንደገና ጀምሩ። ጣሪያው ሾጣጣ ከሆነ የምታዩት ጥላ የጣሪያው ጫፍ ነው። ስለዚህ መለካት የሚጀመረው ከግድግዳው ሥር ሳይሆን ከጫፉ ትክክለኛ ሥር፣ ማለትም ከቤቱ ወለል መሃል ነው።

ቁመት በደረጃ፦ ደመና ከሆነ የአንዱን ደረጃ ቁመት ለኩና መወጣጫዎቹን ቁጠሩ። አንዱ 17 ሴንቲ ሜትር ሆኖ ከወለል ወለል 18 ከተቆጠረ ፎቁ 3.06 ሜትር ነው።

ማረጋገጫ፦ ቁመቱን በሁለት መንገድ ሳታገኙ አትቀጥሉ። በሁለቱ መካከል ከግማሽ ሜትር በላይ ልዩነት ካለ አንዱ ተሳስቷል።

እነዚህንም መዝግቡ፦ የበሩን ቁመትና ስፋት፣ የመስኮቱን ስፋት፣ በመስኮትና በመስኮት መካከል ያለውን ግድግዳ፣ ከመሬት እስከ መጀመሪያው መስኮት ያለውን ከፍታ። የቤቱን መልክ የሚሰጠው ይህ የመስኮትና የግድግዳ ምጥን ነው። ቀለሙ ትንሽ ቢስት ሰው ያልፈዋል። ምጥኑ ከሳተ ግን ለምን እንደሆነ ባያውቀውም “ይህ የኛ ሰፈር አይደለም” ይላል።

ደረጃ 3፦ ፎቶ

1. ደመና የሸፈነው ቀን ምረጡ። በፀሐይ የተነሳ ፎቶ ላይ ጥላው ግድግዳው ላይ ተለጥፎ ይቀራል። የጌሙ ፀሐይ በሌላ አቅጣጫ ስትሆን ያ ጥላ ያስቃል።
2. የመጀመሪያው ፎቶ ላይ ነጩ ወረቀት ይግባ። በኋላ የሁሉንም ፎቶ ቀለም በእሱ ታስተካክላላችሁ።
3. ከመንገዱ ማዶ ቁሙ፤ የቤቱን መሃል ፊት ለፊት ያዙ። ሰፊውን የስልክ ሌንስ አትጠቀሙ፣ ጠርዙን ያጎብጠዋል። መራቅ ካልቻላችሁ ቤቱን በሁለት ወይም በሦስት ክፍል አንሱት።
4. አንድ መስኮት፣ አንድ በር፣ አንድ ካሬ ሜትር ግድግዳና አሸንዳውን ከቅርብ አንሱ።
5. ጎኖቹንና ጀርባውን አንሱ። ወደ ሰው ግቢ ሳትጠይቁ አትግቡ። “ቤታችሁን ጌም ውስጥ ልሠራው ነው” ሲባል አብዛኛው ሰው ደስ ይለዋል፤ እምቢ ያለውን ግን አክብሩለት።

አሁን ሁሉም የሚረሳው ነገር መጣ፦ ጣሪያው። እኛ ሰፈሩን የምናውቀው ከታች ሆነን ነው፤ ጌሙ ግን የሚታየው ከላይ ነው። ከቤቱ ክፍሎች ሁሉ ተጫዋቹ አብዝቶ የሚያየው ጣሪያውን ነው። ስለዚህ ከፍ ካለ ሕንፃ ላይ ሆናችሁ፣ ካልሆነም ከሳተላይት ምስል፣ የጣሪያውን ቅርፅ፣ የተለጠፈውን ቆርቆሮ፣ የዛገበትን ቦታ፣ የውሃ ታንከሩን፣ ዲሹን፣ የጢስ ማውጫውን መዝግቡ። የጣሪያውን ዘንበል ማለትም ገምቱ፤ ከጎን በተነሳ ፎቶ ላይ ቀላል ነው።

የሳተላይት ምስሉን ለማየትና ለመለካት ተጠቀሙበት። ቆርጣችሁ ሞዴሉ ላይ አትለጥፉት፤ የሌላ ሰው ንብረት ነው፣ ጥራቱም አይበቃም። ፎቶዎቻችሁ ላይ ያሉ ሰዎችን፣ የመኪና ታርጋና የድርጅት ምልክትም አጥፉ።

ደረጃ 4፦ ልኬቱን ከጌሙ ካሬ ጋር ማስታረቅ

ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚህ ነው። ጌሙ መሬቱን የሚከፋፍለው 8 ሜትር በ8 ሜትር በሆኑ ካሬዎች ነው። ዞን ላይ (ለመኖሪያ ወይም ለሱቅ በተመደበ መሬት ላይ) በራሱ የሚበቅል ሕንፃ ደግሞ ከ4 በ4 ካሬ አይበልጥም፣ ማለትም ከ32 በ32 ሜትር። የእውነተኛ ሰፈር ቤት ግን 6.4 ሜትር፣ 7.7 ሜትር፣ 9 ሜትር ነው። የ6.4 ሜትሩን ቤት አንድ ካሬ ላይ ብታስቀምጡት በየቤቱ መካከል 1.6 ሜትር ክፍት ይቀራል። የተያያዘው የቤት ረድፍ እንደ ጎደለ ጥርስ ይሆናል።

መፍትሔው ሦስት ነው፤ በዚሁ ቅደም ተከተል ሞክሯቸው።

ሀ. በቡድን ሥሩ፦ አንድ ቤት ካልገጠመ ብዙ ቤት ሊገጥም ይችላል። አምስት ባለ 6.4 ሜትር ቤቶች በትክክል 32 ሜትር፣ ማለትም 4 ካሬ ይሆናሉ። ሦስት ባለ 5.3 ሜትር ቤቶች 15.9 ሜትር ናቸው፤ 2 ካሬ ላይ ለመግጠም የሚጎድላቸው 10 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው። የተያያዙ ቤቶችን እንደ አንድ ሕንፃ መሥራት ማጭበርበር አይደለም። ሰፈሩ ራሱ የሚታወቀው በረድፉ ነው።

ለ. ጥቂት ዘርጉ፦ 7.7 ሜትሩን ወደ 8 መዘርጋት 4 በመቶ ገደማ ነው፤ አይታወቅም። ከ5 በመቶ በላይ ግን አትሂዱ። የሚዘረጋው በመስኮቶቹ መካከል ያለው ግድግዳ ነው። በርና መስኮት ከተዘረጋ ዓይን ወዲያው ይይዘዋል።

ሐ. ግቢ ጨምሩ፦ 9 ሜትር ስፋት ያለው ለብቻው የቆመ ቤት 2 ካሬ ይወስዳል። የቀረውን 7 ሜትር በአጥር፣ በመተላለፊያ፣ በዛፍ ሙሉት። እውነተኛው ቤት ግቢ ካለው ይህ ከሁሉም ይሻላል።

አንዱን ቤት ብቻ አሳንሶ ማስገባት ግን አይሠራም። በሩ ከጎረቤቱ በር ያንሳል፣ አጠገቡ የሚሄዱት ሰዎችም ግዙፍ ይመስላሉ።

ጥልቀቱንም እዩ። የእግረኛ መንገዱን የሚሠራው የጌሙ መንገድ ነው፤ የእናንተ ቦታ ከእሱ በኋላ ይጀምራል። የመግቢያ ደረጃ ካለ ግድግዳውን በዚያው ልክ ወደ ኋላ አስገቡት።

ይህን ሁሉ በካሬ ወረቀት ላይ ሳሉት። ወረቀቱ ላይ ያልገጠመ ቤት ጌሙ ውስጥ አይገጥምም።

ደረጃ 5፦ ሞዴሉ

1. ብሌንደር ላይ መለኪያውን ሜትር አድርጉ። በደረጃ 4 በወጣው ስፋትና ጥልቀት አንድ ጠፍጣፋ ወለል አስቀምጡ። ወለሉ የቦታው ወሰን ነው፤ ቤቱ ከእሱ አይወጣም። ሲጨረስ ይጠፋል።
2. የሞዴሉ መነሻ ነጥብ የቦታው መሃል፣ የመሬቱ ከፍታ ዜሮ ላይ ይሁን።
3. ሳጥን አቁሙ፤ በለካችሁት ቁመት ሳቡት።
4. ከመስኮቱ በፊት ጣሪያውን ሥሩ። ክፈፉ ከግድግዳው የሚወጣበትን ልክ ጠብቁ፤ ጥላ የሚጥለው እሱ ነው።
5. ግድግዳውን ከመሬት በታች ወደ 2 ሜትር አውርዱት። ቤቱ ተዳፋት ላይ ሲቀመጥ አየር ላይ እንዳይንሳፈፍ የሚያደርገው ይህ ነው።
6. ከግድግዳው 20 ሴንቲ ሜትርና ከዚያ በላይ የሚወጣውን ወይም የሚገባውን ነገር ቅረጹ፦ በረንዳ፣ ደረጃ፣ የሱቅ ጥላ። ከዚያ በታች ያለው በምስል ይሠራል። የመስኮት ፍሬም፣ አሸንዳና የበር እጀታ ምስል ላይ ይቅሩ።
7. የትራያንግሉን (ሞዴሉ የተሠራባቸውን ትንንሽ ሦስት ማዕዘኖች) ቁጥር እያያችሁ ሂዱ። ለአንድ ተራ ቤት ከ2,000 አላልፍም። ጎዳናው ላይ ቤቱ 50 ጊዜ እንደሚደገም አስቡት።
8. የገጾቹን አቅጣጫ የሚያሳየውን ማሳያ አብሩ። ውጭው በሙሉ ሰማያዊ መሆን አለበት። ቀይ የሆነው ገጽ ጌሙ ውስጥ ቀዳዳ ሆኖ ይታያል። ሁሉንም መርጣችሁ ሺፍትና ኤን ተጫኑ፤ ያልተስተካከለውን ለብቻው ገልብጡ።
9. ኮንትሮልና ኤ ተጭናችሁ መጠኑንና ዙረቱን አጽኑ። ይህን የዘለለ ሰው ሞዴሉ ጌም ውስጥ ተጋድሞ ወይም ተለጥጦ ያገኘዋል።

የተያያዘ ረድፍ ከሆነ ጎረቤትን የሚነካውን ጎን ባዶ አትተዉት። አጠገቡ አጭር ቤት ሲቆም የጎኑ የላይኛው ክፍል ይታያል።

ደረጃ 6፦ ምስል ማልበስ

የቴክስቸሩ፣ ማለትም ሞዴሉ የሚለብሰው ምስል፣ መጠን በየጎኑ 512፣ 1024 ወይም 2048 ፒክስል ይሁን። ለብዙ ቤት 1024 በ1024 ይበቃል።

መጀመሪያ ለአንድ ሜትር ስንት ፒክስል እንደምትሰጡ ወስኑ። 16 ሜትር ፊት 1024 ፒክስል ላይ ሲዘረጋ ለሜትር 64 ይደርሳል፤ 1.2 ሜትር መስኮት 77 ፒክስል ገደማ ይሆናል። ለጎዳናው ሁሉ በዚሁ ልክ ሂዱ። አንዱ ቤት ጥርት ብሎ ጎረቤቱ ከደበዘዘ ረድፉ ይፈርሳል።

1. ለፊቱ በሜትር 100 ፒክስል የሆነ ባዶ ሸራ ክፈቱ። ፊቱ 16 ሜትር በ9 ሜትር ከሆነ 1600 በ900 ማለት ነው።
2. ፎቶውን አስገቡና በፐርስፔክቲቭ መሣሪያው አራቱን የግድግዳ ማዕዘኖች ወደ ሸራው ማዕዘኖች ሳቡ። ልኬታችሁ ትክክል ከነበረ የበሩ ስፋት ከደብተራችሁ ጋር ይገጥማል። ካልገጠመ ወደ ደረጃ 2 ተመለሱ።
3. ዛፍ ወይም ሽቦ የከለለውን መስኮት ከንፁሁ ላይ በመቅዳት ተኩ። አንዱን ብቻ ደጋግማችሁ አትለጥፉ፤ መጋረጃቸው የሚለያይ ሦስት መስኮት አዘጋጅታችሁ ቀላቅሉ።
4. ቀለሙን በነጩ ወረቀት አስተካክሉ። ከዚያ ጥቂት አደብዝዙት፤ የስልክ ፎቶ ከጌሙ ቤቶች አጠገብ ይጮሃል።
5. ፊቱን ወደ ቴክስቸሩ አሳንሳችሁ አስገቡ። ፊቱ 1024 በ576 ሲወስድ ከሥሩ ለጣሪያ፣ ለጎንና ለጀርባ 448 ፒክስል ይተርፋል። ሰፊውን ጣሪያ ከፋፍላችሁ ክፍሎቹን አንዱ የቆርቆሮ ምስል ላይ ደርቧቸው።
6. በየምስሉ ጠርዝ 8 ፒክስል ያህል የዚያው ቀለም ትርፍ ተዉ። ካልተዋችሁ ከሩቅ የሚታይ ቀጭን መስመር ይወጣል።

አሰያየም፦ ፋይሎቹን በላቲን ፊደል፣ ያለ ክፍት ቦታ ሰይሙ። ሞዴሉ የኤፍቢኤክስ ፋይል ነው። ዋናው ምስል የሞዴሉን ስም ወስዶ መጨረሻው ላይ አንደርስኮርና ዲ ይጨመርበታል፤ ፒኤንጂ ይሁን። የሌሊት መብራቱ ምስል አንደርስኮርና አይ፣ የገጽ ሸካራነቱ አንደርስኮርና ኤን፣ አንጸባራቂነቱ አንደርስኮርና ኤስ ነው። ዲ የግድ ነው። ለሌሊት ደግሞ የአይ ምስሉን ሥሩ፤ ሁሉም ጥቁር ሆኖ መስኮቶቹ ብቻ ይብሩ።

ደረጃ 7፦ የሩቁ ሞዴል

ካሜራው ሲርቅ ጌሙ ዋናውን ሞዴል ይተውና ኤልኦዲ የሚባለውን ቀላል ሞዴል ያሳያል። ካልሠራችሁለት ራሱ ይሠራል፤ የሚሠራው ግን ያስከፋል። “ቤቴ ከሩቅ ቀለጠ” የሚለው ቅሬታ የሚመጣው ከዚህ ነው።

1. ዋናውን ሞዴል ቅዱና በረንዳና ደረጃ የመሳሰለውን አንሱ። ሳጥንና ጣሪያ ይቅር። ከ20 እስከ 60 ትራያንግል ይበቃል።
2. ከጎን ሲታይ ያለው ቅርፅ፣ በተለይ የጣሪያው መስመር፣ ከዋናው ጋር አንድ ይሁን። ካልሆነ ካሜራው ሲርቅ ቤቱ ሲዘል ይታያል።
3. ለብቻው 128 በ128 ቴክስቸር ስጡት። እዚህ ላይ ተደጋጋሚ ምስል አይሠራም፤ ጌሙ የሁሉንም ሕንፃ የሩቅ ምስል አንድ ላይ ስለሚጠቀልል ከወሰኑ የወጣው የጎረቤትን ምስል ያመጣል።
4. ስሙ ከዋናው ስም በኋላ አንደርስኮርና ኤልኦዲ ይሁን። ምስሉ ከዚያ በኋላ አንደርስኮርና ዲ ይጨምራል።

ደረጃ 8፦ ማስገባት

1. ፋይሎቹን ሁሉ የጌሙ የኢምፖርት ፎልደር ውስጥ አስቀምጡ። ዊንዶውስ ላይ በሎካል አፕዳታ ሥር ኮሎሳል ኦርደር፣ ከዚያ ሲቲስ ስካይላይንስ፣ ከዚያ አድኦንስ ውስጥ ነው።
2. አሴት ኤዲተሩን (ከጌሙ ጋር የሚመጣውን የሕንፃ ማስገቢያ) ከፍታችሁ አዲስ ሕንፃ በሉ።
3. ቴምፕሌቱን (መነሻ የሚሆነውን የጌሙን ሕንፃ) ተጠንቅቃችሁ ምረጡ። ሕንፃው መኖሪያ ይሁን ሱቅ የሚወሰነው በእሱ ነው። የነዋሪው ቁጥርም በጌሙ መደበኛ ስሌት ከቦታው ስፋትና ከሕንፃው የዕድገት ደረጃ እንጂ ከፎቁ ብዛት አይመጣም። አሥር ፎቅ ሠርታችሁ ጥቂት ቤተሰብ ቢገባበት አትደንግጡ።
4. ሞዴላችሁን ከዝርዝሩ ምረጡ። መጠኑንና አቅጣጫውን እዚያው አስተካክሉ፤ ፊቱ ወደ መንገዱ ይዙር።
5. የቦታውን ስፋት በካሬ አስገቡ። ከዚያ አጥር፣ ዛፍ፣ የቆሻሻ ገንዳ ጨምሩ።
6. በየጊዜው በተለያየ ስም ሴቭ አድርጉ። አንድ ፋይል ላይ ብቻ ስሠራ ኤዲተሩ ተዘግቶብኝ የአንድ ምሽት ሥራ አጥቻለሁ።

ሲበላሽ

ቤቱ ጉንዳን ወይም ተራራ ሆኖ ከገባ፦ የመለኪያ ልዩነት ነው፣ ብዙ ጊዜ 100 እጥፍ። ማስገቢያው ላይ መጠኑን በ100 አባዙ ወይም አካፍሉ።

ቤቱ ነጭ ሆኖ ከገባ፦ የምስሉ ስም ከሞዴሉ ስም ጋር አልገጠመም። አንድ ፊደል ይበቃል፤ ደግማችሁ አንብቡት።

ግድግዳው ከውጭ ወደ ውስጥ የሚያሳይ ከሆነ፦ ገጹ ተገልብጧል። ደረጃ 5፣ ቁጥር 8።

ዝርዝሩ ውስጥ ጭራሽ ካልታየ፦ ፎልደሩን አረጋግጡ። ኤፍቢኤክስ ሲወጣ የተመረጠው ሞዴል ብቻ መሆኑንም እዩ፤ ካሜራና መብራት አብረው አይውጡ።

ሌሊት ሙሉ ግድግዳው የሚያበራ ከሆነ፦ የአይ ምስሉ ላይ ግድግዳው ጥቁር አይደለም።

ደረጃ 9፦ ከፎቶው ጋር ማስተያየት

ከማጋራታችሁ በፊት አንድ መንገድ ዘርግታችሁ በግራና በቀኝ አሥር አሥር ቤት ደርድሩ። ተዳፋት ላይም ሞክሩ። ቀንና ሌሊት፣ ከቅርብና ከሩቅ እዩት።

ከዚያ ካሜራውን ዝቅ አድርጋችሁ ፎቶውን ያነሳችሁበት ቦታ ላይ አቁሙት፤ የማያ ገጹን ምስል ያዙ። ጊምፕ ላይ እውነተኛውን ፎቶ ከሥር፣ የጌሙን ምስል ከላይ አድርጋችሁ የላይኛውን ሥሩ እንዲታይ በግማሽ አሳሱት። ልዩነቱ ራሱ ይናገራል። የማስተካከያው ቅደም ተከተል ይህ ነው፦ የጣሪያው ዘንበል፣ የፎቁ ቁመት፣ የመስኮቶቹ ርቀት፣ በመጨረሻ ቀለሙ። ቀለሙን ቀድማችሁ ከነካችሁ ቁመቱ ሲቀየር ምስሉን እንደገና ማልበስ ይመጣል። አንዱን ባስተካከላችሁ ቁጥር ሁለቱን ምስሎች እንደገና ደርቧቸው። መስመሮቹ ሲገጥሙ ሕንፃውን ተጫዋቾች ሥራቸውን ወደሚያጋሩበት ወደ ስቲም ወርክሾፕ አውጡና ወደ ሁለተኛው የቤት ዓይነት እለፉ።